የአራሶች የመንፈስ ጭንቀት በሐኪምና በዳኛ ፊት

የወለደች ሴት አእምሮዋ ሊታወክ እንደሚችል የአውሮፓ ሐኪሞች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን በጽሑፋቸው ጐልቶ የሚታየው የሚጮኸው ሕመም እንጂ ዝም ያለው አይደለም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ፈረንሳዊው ሐኪም ሉዊ ቪክቶር ማርሴ በ1858 ዓ. ም. ስለ እርጉዞች፣ ስለ አራሶችና ስለሚያጠቡ እናቶች እብደት ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ። የመረመረው የ310 ሕሙማንን ታሪክ ነው። ከእርሱ 20 ዓመት በፊት ግን የአገሩ ሰው ኤስኪሮል፣ ሕመሙ ቀለል ያለላቸው ሴቶች በየቤታቸው ስለሚታከሙ ከመዝገብ ውጭ እንደሚቀሩ አስገንዝቦ ነበር። ማስገንዘቢያው ብዙ ሰሚ ያገኘ አይመስልም።

በእንግሊዝ አገር ነገሩን ያነሣው ፍርድ ቤት ነው። እስከ 1922 ዓ. ም. ድረስ የወለደችውን ሕፃን ገድላ በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ የተባለች እናት ሞት ይፈረድባት ነበር፤ ቅጣቱ አብዛኛውን ጊዜ በምሕረት ቢለወጥም ዳኛው የሞቱን ቃል ማሰማት ግዴታው ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ፣ ከወሊድ ገና ሳታገግም አእምሮዋ የተዛባባት እናት አዲስ የተወለደ ልጇን ብትገድል ጥፋቱ ከነፍስ ግድያ ዝቅ ብሎ እንዲታይ አደረገ። በ1938 ዓ. ም. ደግሞ የልጁ ዕድሜ እስከ 12 ወር ተራዘመ። ሕጉ ርኅራኄ አለው፤ ይሁን እንጂ እናቲቱን የሚያያት ልጁ ከሞተ በኋላ ነው።

ከቤቷ ሳትወጣ የምታለቅሰዋስ? ዶክቶር ብራይስ ፒት 305 የለንደን ሴቶችን በእርግዝናቸው ጊዜና ከወለዱ በኋላ ጠይቆ፣ ከመቶ 11 ያህሉ ከወሊድ በኋላ በመንፈስ ጭንቀት እንደ ተያዙ በ1968 ዓ. ም. አስታወቀ። አብዛኞቹ ለእብድ ሆስፒታልም ለዳኛም የማይደርሱ ነበሩ። በ1987 ዓ. ም. ኮክስ፣ ሆልደንና ሳጎቭስኪ በኤዲንብራ ስም የሚጠራውን ባለ 10 ጥያቄ መጠይቅ አወጡ፤ እናቲቱ ያለፉትን 7 ቀናት ስሜቷን ትናገራለች። ድካምን የመሰለ፣ በማንኛይቱም አራስ ላይ የሚታይ የሰውነት ምልክት ሆን ተብሎ ተትቷል።

ይኸው መጠይቅ ወደ አገራችን መጥቶ በቡታጅራ ገጠር ተፈትኗል። በ2008 ዓ. ም. እንደ ታተመው ጥናት ከሆነ፣ የታመመችውን ከጤነኛዋ አጥርቶ መለየት ተሳነው፤ ስለ ራስ ምታትና ስለ ሆድ ሕመም ጭምር የሚጠይቅ ሌላ መጠይቅ በለጠው። በአዲስ አበባ ግን በ2010 ዓ. ም. በታተመ ጥናት ደኅና ሠርቷል። የከተማዋ እናት «አዘንሁ» ብላ የምትገልጸውን የገጠሯ እናት «ራሴን አመመኝ» ብላ ትናገረው እንደ ሆነ፣ ከእኛ መካከል የሕክምናም የቋንቋም ተማሪ ሊመረምረው የሚገባ ጥያቄ ነው።