በእናት ወገን የተቆጠረ ዘር፦ ማይቶኮንድሪያና የእሳት እራቶች ዝምድና



በቀድሞው የርስት ሥርዓት ተሟጋች በእናቱም በአባቱም ወገን ዘሩን እየቆጠረ ከአቅኚ አባቱ ይደርስ ነበር። ዛሬ የማነሣው ማስረጃ ግን የሚቆጥረው በእናት ወገን ብቻ ነው። ክብደቱንም ወሰኑንም ላሳያችሁ እወዳለሁ።

ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ለሐር ትል ሳይንሳዊ ስም ሲሰጥ የሚመራው በአካል ቅርጽ ነበር። ዘመድን በመልክ መለየት ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ የሙያው ዋና መንገድ ሆኖ ቆየ። ለሕዋስ ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ከእናት የሚወረስ የራሱ ዲኤንኤ አለው። የሰው ማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ እ.ኤ.አ. በ1981 ሙሉ በሙሉ ተነበበ፤ ዘዴውም ወደ ነፍሳት ጥናት ተሻገረ። የእሳት እራቶች ማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ቀለበት መሰል ሲሆን፣ ከ15 እስከ 16 ሺህ ገደማ ፊደላትና አብዛኛውን ጊዜ 37 ዘረመሎች አሉት። በአንድ ሕዋስ ውስጥ ብዙ ቅጂ ስላለው ከደረቀ የሙዚየም ናሙና እንኳ ሊገኝ ይችላል።

የሐር ትልን ታሪክ እንውሰድ። ያለ ሰው እጅ መኖር የማይችለው ይህ ፍጥረት በቻይናም በጃፓንም የዱር ዘመዶች አሉት። የቻይናው የዱር ዘመድ እንደ ለማዳው 28 ጥንድ ክሮሞሶም ሲኖረው፣ የጃፓኑ ያለው 27 ጥንድ ነው። የማይቶኮንድሪያ ንጽጽርም ለማዳው ከጃፓኑ ይልቅ ለቻይናው እንደሚቀርብ አሳየ። ሁለቱ ምስክሮች ስለተስማሙ ፍርዱ ጸና።

ሁልጊዜ ግን አይስማሙም። የአሜሪካ መጤ ተምች እ.ኤ.አ. በ2016 በአፍሪካ፣ በ2017 ደግሞ በኢትዮጵያ ታየ። ይህ የእሳት እራት በትውልድ አህጉሩ በመልክ የማይለዩ ሁለት ወገኖች አሉት፤ አንዱ በቆሎን፣ ሌላው ሩዝን ያዘወትራል። በአፍሪካ ከተሰበሰቡት ናሙናዎች ብዙዎቹ በማይቶኮንድሪያቸው የሩዝ፣ በኒውክለስ ዘረመላቸው ግን የበቆሎ ወገን ሆነው ተገኙ። ለዚህ አሳማኙ ምክንያት የሁለቱ ወገኖች መዳቀል ነው። የእናትን ወገን ብቻ የቆጠረ ተመራማሪ፣ በቆሎው እየተበላበት ላለ ገበሬ ስለ ሩዝ ተባይ ይነግረው ነበር።

እንግዲህ አደራዬ ይህ ነው። 37ቱ ዘረመሎች አብረው ስለሚወረሱ ቃላቸው የአንድ ምስክር ቃል ነው። የዘር ሐረግ ስትስሉ የአባትንም ወገን ጠይቁ።