የቁም ጉዞ በሐረር፦ ከጠራዥ ማኅተም እስከ መቁረጫ ጠረጴዛ

በገበታ ላይ በተዘረጋ ቆዳ፣ ጨርቅ፣ ጣውላ ወይም ላሜራ ላይ የሚሠራ መሣሪያ ሦስት አቅጣጫ ያለው እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱ በገበታው ርዝመትና ወርድ የሚሄዱ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ከላይ ወርዶ ሥራውን የሚነካውና ተመልሶ የሚነሣው የቁም እንቅስቃሴ ነው። ሲ.ኤን.ሲ. የሚባለውን፣ ማለትም በቁጥር በተጻፈ ትእዛዝ ሞተሮቹ እየዞሩ መቁረጫውን የሚያዘዋውሩለትን ጠረጴዛ በገዛ እጁ ለመሥራት የተነሣ ባለሙያ ለዚህ ለሦስተኛው እንቅስቃሴ ምን ዓይነት ዕቃ መምረጥ እንዳለበት ብዙ ይጨነቃል። ጥያቄው ግን ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው፤ በሐረር ጁገል ውስጥ የኖሩት የመጽሐፍ ጥረዛ፣ የገንዘብ ምትና የመኪና ስፌት ሙያዎች እያንዳንዳቸው ለቁም እንቅስቃሴ የየራሳቸውን መልስ ሰጥተዋል፤ እነዚህን መልሶች በቅደም ተከተል የተመለከተ ሰው ዋናው ችግር የጉልበት ሳይሆን የመሪ መሆኑን ይገነዘባል።

ጁገል የሚባለው ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን ከተሠራ በኋላ፣ በአምስቱ በሮቹ የሚገባው ንግድና በውስጡ የሚሰጠው የእስልምና ትምህርት ጎን ለጎን ኖረዋል። ትምህርቱ የእጅ ጽሑፍ ቁርኣንና የሕግ መጻሕፍትን ስለሚፈልግ፣ የጽሕፈትና የጥረዛ ሙያ በከተማዋ ሥር ሰደደ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተንም የከተማዋን የመጽሐፍ ጥረዛ ከምሥራቅ አገሮች ምርጥ ሥራዎች ጋር አወዳድሮ አድንቋል። ጠራዡ ሽፋን የሚሆነውን ቆዳ አርጥቦ ካለሰለሰ በኋላ፣ ቅርጽ የተቀረጸበትን ማኅተም በቆዳው ላይ አስቀምጦ ይጫነዋል፤ ጌጡ የሚወጣው ያለ ቀለምና ያለ ወርቅ፣ ቆዳው በጫና ብቻ ጎድጉዶ ሲቀር ነው። ማኅተሙ በጥቂቱም ቢሆን ካዘነበለ የጌጡ አንድ ወገን ጠልቆ ሌላው ይደበዝዛል፤ የረጠበ ቆዳ ደግሞ አንዴ የተቀበለውን ስሕተት አይለቅም። በዚህ ሙያ ማኅተሙን ቀጥ አድርጎ የሚያወርድ ምንም ዓይነት ሐዲድ ወይም ዘንግ ስለሌለ፣ መሪው የጠራዡ ክንድና ልምድ ነበር። ሙያው ተዳክሞ ከቆየ በኋላ እንደገና እንዲያንሠራራ ካደረጉት መካከል የእጅ ጽሑፎችን በመሰብሰብና በመጠገን የሚታወቁት አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ይገኙበታል፤ በስማቸው የሚጠራው ሙዚየም ዛሬ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ውስጥ እነዚህን ጥራዞች ለተመልካች ያቀርባል።

የገንዘብ ምት በአንጻሩ ግማሽ መሪ ነበረው። የሐረር አሚሮች መሐለቅ የሚባለውን ጥቃቅን ገንዘብ በከተማዋ ያስመቱ ነበር፤ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ጦርነት ምክንያት በምኒልክ እጅ ከገባች በኋላም 1885 ዓ.ም. የተጻፈበት የብር መሐለቅ እዚያው ሐረር ተመቷል። በእጅ በሚመታ ገንዘብ የታችኛው ቅርጽ በማይነቃነቅ መሠረት ላይ ይተከላል፤ የላይኛው ደግሞ በእጅ ተይዞ በመዶሻ ይመታል። የታችኛው በመተከሉ የሥራው አንድ ፊት ሁልጊዜ ቦታውን ይጠብቃል፤ የላይኛው ግን እንደያዘው እጅ ሊሸሽ ስለሚችል፣ በእጅ የተመታ ገንዘብ በየትም አገር ቢሆን ጽሑፉ ከመካከል ወጥቶ ከጠርዙ ሲቆረጥ ይታያል።

ሙሉ መልስ የመጣው ከስፌት መኪና ጋር ነው። አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846 ባስመዘገበው መኪና መርፌው ጎባጣ ሆኖ በአግድም ይወዛወዝ ነበር፤ ጨርቁም ችንካር ባለው ሰሌዳ ላይ በቁሙ ተሰክቶ ስለሚያዝ፣ ስፌቱ የሰሌዳውን ርዝመት በጨረሰ ቁጥር ሰፊው ሥራውን አቁሞ ጨርቁን እንደ አዲስ መሰካት ግድ ይሆንበት ነበር። አይዛክ ሲንገር በ1851 ያስመዘገበው መኪና ቀጥ ያለው መርፌ በቁም እንዲወርድና እንዲነሣ፣ ጨርቁም በገበታ ላይ ተኝቶ እንዲጓዝ አደረገ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ አለን ዊልሰን ያስመዘገበው ጥርሳም ገፊ ደግሞ መርፌው ከጨርቁ በወጣ ቅጽበት ጨርቁን ከሥር አንሥቶ አንድ እርምጃ ያስኬደዋል። መሣሪያው በቁም፣ ሥራው በአግድም እንዲንቀሳቀስ የተደረገው ይህ የሥራ ክፍፍል ዛሬም የብዙ መቁረጫና መቦርቦሪያ ጠረጴዛዎች መሠረት ነው፤ ከሲንገር ስም ጋር ከተያያዙት ፈጠራዎች ሁሉ የሚበልጠውም ይኸው የአቀማመጥ ውሳኔ ነው ሊባል ይችላል።

ለሐረር ይህ መኪና የደረሰው ከባሕር የሚመጣው ዕቃ እየበዛ በሄደበት ዘመን ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከገባ በኋላ፣ ጨርቅና የፋብሪካ ዕቃ በግመል ቅፍለት ብቻ መጓዙ አበቃ፤ የሕንድ ነጋዴዎችም በከተማዋ የጨርቅ ንግድ ውስጥ ጉልህ ቦታ ያዙ። በ20ኛው መቶ ዓመት ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወርደው ጠባብ መንገድ በሁለት ወገኑ ልብስ ሰፊዎች የተሰለፉበት ሆኖ፣ መኪናዎቹ ከሚያሰሙት ድምፅ የተነሣ መኪና ግርግር ተብሎ ተጠራ። ገዢው ከአንዱ ሱቅ ጨርቁን መርጦ ከፊት ለፊቱ ለተቀመጠው ሰፊ ያስረክባል፤ ሰፊውም ልኩን ወስዶ፣ በእግሩ ፔዳሉን እየረገጠ፣ ገዢው ገበያውን ዞሮ ሳይጨርስ ልብሱን ያደርስለታል። ይህ ፍጥነት የሚገኘው መኪናው ሳይስት ሲሠራ ብቻ ስለሆነ፣ የመኪና ግርግር ሰፊ ልብስ ሰፊ ብቻ ሳይሆን የመኪናው ጠጋኝም መሆን ነበረበት፤ ይህ እውቀቱ ግን ስለ ከተማዋ በተጻፉ መጻሕፍት ተገቢውን ቦታ አላገኘም።

የመኪናው የቁም ክፍል አሠራር በዝርዝር ሊታይ የሚገባው ነው። መርፌውን የያዘው ዘንግ በሁለት ማቀፊያ ቀለበቶች ውስጥ ያልፋል፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ሆነው በመካከላቸው ርቀት ስላለ፣ ዘንጉ ከመውጣትና ከመውረድ በቀር ወደ ጎን መንገድ የለውም። የሚዞረው ጎማ ዘንጉን የሚገፋው በአጭር ክንድ አማካይነት ነው፤ ከጎኑ ያለው ሌላ ዘንግ ደግሞ በሞላ ኃይል ጨርቁን በሚጫን እግር ያበቃል፤ ይህ እግር ባይኖር መርፌው ሲነሣ ጨርቁን ይዞት ይነሣ ነበር። መርፌው ከመጨረሻው ዝቅታ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲነሣ ከጎኑ ትንሽ የክር ቀለበት ይፈጠራል፤ ከሥር ያለው መያዣም ይህን ቀለበት ነጥቆ የላዩን ክር ከታችኛው ጋር ያቆላልፋል። እንግዲህ የታችኛው ማቀፊያ ቀለበት በጥቂቱ ሲበላ መርፌው ወደ ጎን ይሸሻል፤ መያዣው የክሩን ቀለበት ይስታል፤ ስፌቱም ይዘላል። የመኪናው ጎማ፣ ፔዳልና ቺንጋ ደህና ሆነው ሳሉ መኪናው የማይሰፋው በዚህ ምክንያት ነው።

የዛሬው መቁረጫ ጠረጴዛ ከዚህ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እሱም ክብደት ነው። የመርፌ ዘንግ ቀላል ስለሆነ ስበት አያስቸግረውም፤ እንጨት የሚቀርጽ ሞተር ግን ከነተሸካሚው ብዙ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ የኤሌክትሪክ ኃይል በጠፋ ቁጥር ወደ ሥራው ሊወድቅ ይችላል። ይህን ሸክም የሚያወጣና የሚያወርደው ብዙውን ጊዜ ጥርስ ያለው ረጅም ዘንግ፣ ማለትም ሲዞር በላዩ ያለውን ዳዶ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ብሎን ነው። ተራው ብሎን ብረት ከብረት ወይም ከነሐስ ጋር ስለሚፋተግ ከግማሽ የሚበልጠውን ኃይል ያባክናል፤ ነገር ግን ጥርሱ ጠባብ እርምጃ ካለው በሰበቃው ኃይል ባለበት ይቆማል። በዳዶው ውስጥ የብረት እንክብሎች የሚንከባለሉበት ብሎን ከሚቀበለው ኃይል 90 በመቶ ያህሉን ለሥራ ያውላል፤ በዚያው ልክ ግን ሞተሩ ሲጠፋ ሸክሙ ራሱ ብሎኑን አዙሮ ስለሚወርድ፣ ፍሬን ወይም ሸክሙን የሚያመዛዝን ሞላ ያስፈልገዋል። በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚጓዝ ብሎን፣ ዙሩን በ200 እርምጃ ከሚከፍል ሞተር ጋር ሲያያዝ እያንዳንዱ እርምጃ 0.025 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ለእንጨትም ሆነ ለላሜራ ከሚፈለገው ጥራት የሚያንስ አይደለም።

ምርጫው እንደ ሥራው ይለያያል። ላሜራን በኤሌክትሪክ ቅስት በሚግል ጋዝ የሚቆርጠው ፕላዝማ የተባለው መቁረጫ ሥራውን አይነካም፤ ስለዚህ የቁም ክፍሉ ብዙ ጥንካሬ አይጠይቅም፤ ላሜራው በሙቀት ሲጣመም ግን መቁረጫው ርቀቱን ጠብቆ ቶሎ ቶሎ መውጣትና መውረድ ስላለበት፣ ቀላልና ፈጣን መሆን ይገባዋል። የሐረር ቤቶችን በሮች የመሰለ ቅርጽ በጣውላ ላይ የሚያወጣ መሣሪያ በተቃራኒው መቁረጫው በእንጨቱ ስለሚገፋ፣ ከሁሉ በፊት ወደ ጎን የማይሸሽ መሪ ይፈልጋል። ሁለት ጫፉ ብቻ የታሰረ ክብ ዘንግ በመካከሉ ይለምጣል፤ በርዝመቱ ሁሉ በጀርባው ላይ የሚታሰርና ተንሸራታቹ በኩሽኔታ የሚሄድበት ባለ ማዕዘን ሐዲድ ግን ይህን አይፈቅድም። ሁለቱ ተንሸራታቾች በአንዱ ሐዲድ ላይ በተቻለ መጠን ተራርቀው መቀመጣቸውም የመርፌ ዘንጉ ሁለት ቀለበቶች በተራራቁበት በዚያው ምክንያት ነው።

ስለዚህ አቅሙ ውስን የሆነ ሠሪ ለቁም ክፍሉ የመደበውን ገንዘብ አስቀድሞ በሐዲዱና በተንሸራታቾቹ ላይ ቢያውል፣ ቀጥሎ እንደ ክብደቱ ብሎኑን ቢመርጥ፣ ሞተሩን በመጨረሻ ቢገዛ ትክክል ነው፤ ደካማ ሞተር በሌላ ቀን ሊለወጥ ይችላል፤ በተጣመመ መሪ ላይ የተሠራ ጠረጴዛ ግን ፈርሶ እንደገና መሠራት አለበት።