ርስትና ግብር በሞጣና በቢቸና

ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚወስደው መንገድ የጮቄን ተራራ በግራ፣ የዓባይን ሸለቆ በቀኝ እያደረገ ግንደወይንን ያልፋል። ግንደወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በአካባቢዋ ያለው ገበሬ ጤፍና ስንዴ ያመርታል፤ በወንፈልና በደቦ ያርሳል፣ ያጭዳል፤ በማኅበርና በሰንበቴ ይሰበሰባል፤ ጠቡንም በሽማግሌ ይፈታል። ይህ ኑሮ ከላይ ሲያዩት ጸጥ ያለ ይመስላል። በ1960 ዓ.ም ግን የዘውዱን መንግሥት ያስጨነቀው የሞጣና የቢቸና ገበሬ እንቅስቃሴ የበቀለው ከዚሁ የዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ ነበር።

ነገሩን ለመረዳት ከርስት መነሣት ግድ ነው። የጎጃም ገበሬ በአብዛኛው የደቡቡን ክፍለ ሀገር ጭሰኛ አይመስልም ነበር። መሬትን የሚጠይቀው መጀመሪያ አገሩን አቀና ከሚባለው አባት በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ትውልዱን ቆጥሮ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ዛሬ የሚያርሰው ማሳ ነገ ሌላ ተወላጅ ሊከራከርበት የሚችል ድርሻ እንጂ በወሰን ተከልሎ ለዘለዓለም የተሰጠው አልነበረም። የመሬቱም ግብር የሚታሰበው በጥንቱ ልክ በአንድ አባት ርስት ላይ ሆኖ በተወላጆቹ መካከል ይደለደል ነበር። መንግሥትና ገበሬ የሚገናኙት በጭቃ ሹሙ አማካይነት ነበር፤ እርሱም ቢሆን ራሱ ከባለርስቶቹ አንዱ ነው። ገመድ ይዞ የሚመጣ ቀላድ ጣይ እንግዲህ የሚለካው አፈር ብቻ አይደለም። የዘመድን የይገባኛል ጥያቄ ቆርጦ ይጥላል፤ ቢያንስ ገበሬው ያመነው ይህን ነው፤ እምነቱም መሠረተ ቢስ አልነበረም። በደቡብ መሬት ከተለካ በኋላ ባለአገሩ ምን እንደ ሆነ በወሬ ደርሶታልና።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በመከፋፈል በጋሻ ሲቀርጥ ጎጃም እምቢ አለ። በ1937 ዓ.ም የወጣው አዋጅም ጎጃምን፣ ትግሬንና በጌምድርን በቀድሞው ልክ እንዲገብሩ ተዋቸው። በዚያው ዓመት በጥር ወር የቢቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀ በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጣ። ሁለቱ ነገሮች በቀጥታ የተያያዙ ባይሆኑም፣ በአካባቢው ሰው ልብ ውስጥ ግን መንግሥትን የማያምን ትዝታ አብረው አስቀመጡ።

በ1960 ዓ.ም አዲስ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አሥራትን አስቀርቶ ግብሩን በገበሬው ገቢ ላይ የሚጥል ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ካለው ብዙ፣ ከሌለው ጥቂት የሚወስድ በመሆኑ ከቀድሞው የተሻለ ነው ማለት ይቻላል። አፈጻጸሙ ግን ገማች ኮሚቴ በየሰዉ ማሳ ገብቶ ምርት እንዲቆጥር የሚጠይቅ ነበር፤ በባለርስቱም ዓይን ገማችና ቀላድ ጣይ አንድ ናቸው። በዚያ ላይ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ጠቅላይ ግዛቱን የገዙት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ በአገሩ ሰው ዘንድ እጅግ የተጠሉ ነበሩ።

ፓርቲም ማኅበርም ያልነበረው ገበሬ እንዴት ተባበረ? መልሱ ቀላል ነው፤ አስቀድሞ ተደራጅቶ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ገበያና የማኅበር ቤት የምክር ቦታ ሆኑ። በአገሩ ልማድ ከጋራ ምክር የወጣ ሰው ይገለላል፤ እሳት አይጫርለትም፣ ለደቦው የሚወጣለት የለም። የመንግሥት ዛቻ ሩቅ ነው፤ የጎረቤት ፊት መንሳት ግን በየማለዳው በደጅ ነው። ገማቾችና አጃቢ ፖሊሶች ተባረሩ። እንቢታው ወደ ዳሞትም ሲዛመት፣ መንግሥት ጦር ላከ፤ በክረምቱም መንደሮችን በአውሮፕላን ደበደበ። በመጨረሻ ደጃዝማች ፀሐዩ ተነሡ፤ የብዙ ዓመት ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። አዲሱ ግብር በጎጃም በተግባር ሳይውል ቀረ።

ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1958 ዓ.ም፣ የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳትመው ነበር። በዚያ ልብ ወለድ ውስጥ በአበጀ በለው የሚመሩ ባላገሮች የፊታውራሪ መሸሻን ከልማድ የወጣ ግብር እምቢ ይላሉ። ደራሲው ነቢይ ነበሩ ማለት አይደለም፤ አገራቸውን ያውቁ ነበር።

በአብዮቱ ዘመን ይህን እንቢታ የመደብ ትግል ብቻ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ነበር፤ ይህ አያስኬድም። ከመሪዎቹ መካከል ሰፊ መሬት የነበራቸው ባላባቶች ይገኙበታል፤ አዲሱ ግብር ይበልጥ የሚነካው እነርሱን ነበርና። ድሃው ከነርሱ ጋር የተሰለፈው ተታሎ ነው ማለትም ስሕተት ነው። ለርሱ ርስት ማለት ምንም ቢያንስ ከነገ ረሃብ የሚያድን መጠጊያ ነው። የሚታገልለትም ይህን መጠጊያ እንጂ የባላባቱን ጎተራ አልነበረም። በሂማላያ ተራሮች በምትገኘው ኔፓልም የሊምቡ ሕዝብ «ኪፓት» የሚባል የወል ርስት ነበረው፤ መንግሥት እንደ ሌላው መሬት እንዲገብር ያደረገው በዚያው በ1960ዎቹ መባቻ ነው። የተራራ ሰው ከመሬት ቆጣሪ ጋር የሚገጥመው ሙግት በአንድ አገር የተወሰነ አይደለም።

የየካቲት 1967 ዓ.ም አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ለደቡቡ ጭሰኛ ነጻነት ነበር፤ በጎጃም ግን ርስት የሚባለውን ነገር ራሱን ስለ ሻረ የተቀበለውም የተቃወመውም ነበር። ገመዱ በስፋት የተዘረጋው በ1989 ዓ.ም በአማራ ክልል መሬት ሲከፋፈል ነው። ያን ጊዜ በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሹመት የነበራቸው ሰዎች ይዞታ እንዲያንስ ተደረገ፤ ከጎጃም ብዙ ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ መጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መታደል ተጀመረ። በደብተሩ ላይ ማሳው በቁጥር፣ የባልና የሚስት ስምም በአንድነት ተጽፏል።