ዲናሞ ብለን የምንጠራው ዲናሞ አይደለም

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ «ይሄ ዝገት ደግሞ ምንድን ነው?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ ከካኩማም፣ ከናይሮቢም፣ ከአዲስ አበባም። አክስቴማ «የድሮ ፈንጂ ነው እንዴ? ፖሊስ ሳያይብህ አጥፋው!» ብላ ደውላልኛለች። እትዬ፣ ፈንጂ አይደለም። የአሮጌ ላንድሮቨር ዲናሞ ነው። መደርደሪያዬ ላይ ለምን እንዳስቀመጥኩት ዛሬ ልንገራችሁ። ይረዝማል፣ ቡና አፍሉ።

አገር ቤት መኪና የያዘ ሰው ሁሉ «ዲናሞዬ ተቃጠለ» ይላል። እውነቱን ለመናገር ግን ዛሬ እውነተኛ ዲናሞ ያለው መኪና በጣት የሚቆጠር ነው። ሁላችንም ዲናሞ የምንለው አልተርኔተሩን ነው። ዕቃው ሄደ፣ ስሙ ቀረ። እኔም ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ ስገባ የተማርኩት ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነበር፦ ሞተሪኖ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ሚኒሞ። ያሳደገን መኪና ኤንትሬ ነበርና። ፊያት 682 ኤን 3። «ትሬ» ማለት እኮ ሦስት ነው፤ ስሙን ከነቁጥሩ ወርሰነዋል።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ዲናሞ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ ራሱ ይሽከረከራል። የሚወጣው ኃይል በሙሉ በመዳብ ቁርጥራጮች በተሠራ ቀለበት ላይ በሚፋተጉ ሁለት ካርቦኖች በኩል ማለፍ አለበት። ስለዚህ በጣም ካፈጠናችሁት ቀለበቱ ይበተናል፤ ቀስ ካለ ደግሞ ምንም አይሰጥም። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ባትሪው እንዳይገለበጥበት ካታውቱ መስመሩን ይቆርጠዋል። የካታውቱ ነጥቦች ተጣብቀው ከቀሩ ባትሪው ወደ ዲናሞው ይፈስና ሽቦውን ያነደዋል።

አልተርኔተር ነገሩን ገለበጠው። የሚያመነጨው ሽቦ ቆሞ ማግኔቱ ይዞራል። በካርቦኖቹ የሚያልፈው ለማግኔቱ የሚበቃ ትንሽ ኃይል ብቻ ስለሆነ ቀለበቱ ለስላሳ ነው። ስለዚህ ትንሽ ፑሊ አስገብታችሁ በፍጥነት ብታዞሩት ግድ የለውም፤ በሚኒሞም ይሞላል። ተለዋዋጩን ኃይል ወደ ቀጥታ የሚቀይሩለት ዳዮዶች ናቸው። ርካሽና ጠንካራ የሲሊከን ዳዮድ እስኪገኝ ድረስ ነገሩ ለተራ መኪና አይታሰብም ነበር። አሜሪካ ክራይስለር በ1960 እ.ኤ.አ. ቫሊያንት ላይ ገጠመው። እንግሊዞች ዘገዩ፤ ላንድሮቨር አልተርኔተርን መደበኛ ያደረገው በ1971 እ.ኤ.አ. ሲሪስ 3 ሲወጣ ነው።

ይሄ የፋብሪካው ታሪክ ነው። የሞያሌው ሌላ ነው። እዚህ አሮጌ መኪና አይሞትማ! እኔ በ1998 ዓ.ም. ድንበሩን ተሻግሬ ስመጣ የእኔ ዕድሜ እጥፍ የሆኑ ቤድፎርዶችና ላንድሮቨሮች ፍየልና ሰው ጭነው ይሄዱ ነበር። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከዚህ እስከ ኢሲዮሎ ወደ 500 ኪሎ ሜትር፣ ዲዳ ጋልጋሉን አቋርጦ፣ ጥቁር ድንጋይና እንደ ማጠቢያ ሰሌዳ የተቦረቦረ ኮረኮንች፤ ሎሪ ሁለት ቀንና ከዚያም በላይ ይፈጅበት ነበር። በሽፍታ ምክንያት መኪኖች ተሰልፈው በፖሊስ ታጅበው ነበር የሚጓዙት። አንዱ ጎማ ሲፈነዳበት ሁሉም ይቆማል። ሞተር በሚኒሞ፣ የፊት መብራት በርቶ፣ ጨለማ።

አሁን አስቡት። እንግሊዝ መኪኖች ላይ የነበረው ሉካስ ሲ-40 ዲናሞ በሙሉ ፍጥነት 22 አምፔር ነው የሚሰጠው፤ በሚኒሞ ዜሮ። ባትሪው ብቻውን መብራቱን ይሸከማል፤ መብራቱ እየቀላ፣ እየቀላ ሄዶ እንደ ከሰል ፍም ይሆናል። ከጭነቱ ላይ የተቀመጡት እናቶች በዚያች ደቂቃ ዝም ይሉ ነበር። እኔም እዚያ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። በዚህ መንገድ ዲናሞን የገደለው ፋሽን አይደለም። አቧራው ካርቦኑን በላ፣ ዝግታው ባትሪውን ገደለ፣ ጨለማው ደግሞ ሹፌሮቹን አስፈራ።

ወደ ፎቶው ልመለስ። ላንድሮቨሩ የ1960ዎቹ መጀመሪያ ሎንግ ሻንሲ ፒክአፕ ነበር፤ ባለቤቱ የቡርጂ ነጋዴ፣ አማርኛ እንደ ውሃ የሚናገሩ አዛውንት። «ኢትዮጵያዊው ፉንዲ ዲናሞ ይቀይራል» ሲባል ሰምተው ናይሮቢ የተገዛ ያገለገለ የጃፓን አልተርኔተር ይዘውልኝ መጡ። መያዣ ብረቱን በየዱኝ፣ ፑሊውን አስተካከልኩ፣ ቺንጋውን ወጠርኩ። ከዚያ የባትሪውን ገመድ መለስኩ። ጭስ! አንድ ሰከንድ አልፈጀም።

እኔ የለመድኩት ኔጋቲቩ ከሻንሲ ጋር የሚታሰርበትን ነው። ላንድሮቨር ግን እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ድረስ ፖዘቲቩን ነበር ከሻንሲ የሚያስረው። ዲናሞ ለዚህ ግድ የለውም። ዳዮድ ግን ባትሪ ተገልብጦ ከመጣበት በአንድ ጊዜ ያልቃል። ጋሼ ጭሱን አይተው «ልጄ፣ ይሄ እንግሊዝ ነው፤ እንግሊዝ በግራ ይነዳል፣ ሽቦውም በግራ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የኛ አገር መኪና ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ሲዞር ኬንያ በግራ ቀረች፤ እዚህ ድንበር ላይ መኪና መስመር ይቀይራል። ድንበሩ በሽቦም ውስጥ እንደሚያልፍ ግን የነገረኝ አልነበረም።

ዕዳዬ ሆነ። ያኔ መታወቂያ አልነበረኝም፤ እሳቸው አንድ ስልክ ቢደውሉ በቃ ነበር። አልደወሉም። አራት ወር መኪኖቻቸውን በነጻ ጠገንኩ። ሁለተኛውን አልተርኔተር ስገጥም መጀመሪያ ባትሪውን አዞርኩ፣ የአምፔር መለኪያውንና የኮይሉን ሽቦዎች አቀያየርኩ። ሞተሪኖው በሁለቱም በኩል ይሠራል፣ ግድ የለውም። ካታውቱን አወጣሁ። ለ22 አምፔር የተዘረጋውን ሽቦ በወፍራም ለወጥኩ፤ ብዙ ፉንዲዎች ይሄን ይዘሉታል፣ ከዚያ ሽቦው ይቀልጥና «አልተርኔተር መጥፎ ነው» ይባላል። ከዳሽቦርዱ የባትሪ መብራት የሚመጣውን ቀጭን ሽቦም እንዳትንቁት። አልተርኔተሩን የሚቀሰቅሰው በዚያች አምፖል የሚያልፈው ኃይል ነው፤ አምፖሏ ከተቃጠለች ዝም ብሎ ሊዞር ይችላል።

ዲናሞን በአንድ ነገር ግን እናመስግነው። ባትሪው ጨርሶ ሞቶ መኪናው ተገፍቶ ቢነሳ፣ ዲናሞ በውስጡ በቀረችው ትንሽ ማግኔት ራሱን ይቀሰቅሳል። አልተርኔተር ብዙውን ጊዜ አይችልም። አሮጌ ሹፌሮች «ይሄ ዕቃ ያለ እርዳታ አይነሳም» ብለው ሲያሙት ውሸት አልነበረም።

መንገዱ ከ2007 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ በየክፍሉ እየተሠራ 10 ዓመት ያህል ፈጅቶ ዛሬ አስፋልት ነው። ዲናሞዎቹ ለመዳባቸው ሲባል ተሰባብረው በኪሎ ተሸጡ። ጋሼ ዕዳዬ ያለቀ ቀን የአሮጌውን መኪናቸውን ዲናሞ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ፎቶው ላይ ያያችሁት እሱ ነው። እስካሁን በእጅ ሳዞረው ይዞራል።

አሁን የእናንተ ተራ ነው። በዲላ፣ በያቤሎ፣ በሻሸመኔ ጋራዦች የኤንትሬ ዲናሞ በአልተርኔተር ሲቀየር ያያችሁ፣ ወይም አባታችሁ ሹፌር ወይ ረዳት የነበሩ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። በተለይ ያኔ አልተርኔተሩን ከየት መኪና ነበር የሚያወጡት? እሱን ማወቅ እፈልጋለሁ። እትዬ፣ አንቺም የአጎቴን የድሮ ፎቶዎች ፈልጊልኝ፤ ቦኔቱ ክፍት የሆነበት አንድ ነበር።