የደብሩ መዝገብ

እኔ ቀኑን የምውለው ከመዝገብ ጋር ነው፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀን፣ ፊርማ። ስለዚህም የሞጣ ቅዱስ ጊዮርጊስን ታሪክ ሳነብ ልቤን የያዘው የነገሥታቱ ወሬ ሳይሆን የደብሩ መሬት ነገር ሆነ።

ደብሩን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተከሉት ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው፤ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ፣ የራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ እናት። እናታቸው በጎንደር ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን እንዳሠሩ፣ እርሳቸውም በጎጃም ሞጣ ጊዮርጊስን አቆሙ። ከተማውም በደብሩ ዙሪያ አደገ።

በዚያ ዘመን ደብር መትከል ሕንጻ ማቆም ብቻ አልነበረም። ለቀዳሹ፣ ለመሪጌታው፣ ለደብሩ አለቃ መተዳደሪያ መሬት ይመደባል። ባለርስቱ ሲሶውን ይዞ ሁለቱን እጅ ለደብሩ አገልጋዮች የሚለቅበት ሥርዓት ነበር። ያ መሬት ኋላ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይወረሳል፤ ውሉም በቤተ ክርስቲያኑ ብራና ላይ ይሰፍራል፦ ሻጭ፣ ገዥ፣ ዋጋ፣ እማኝ። ሴቶችም ሻጭና ገዥ ሆነው ይገኙበታል። ለእኔ ቢጤ የባንክ ሠራተኛ እንዴት ያለ ውብ መዝገብ ነው! ነገር ግን የሻጭና የገዥ መዝገብ የአራሹን ላብ አይቆጥርም።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች አመፁ። ግብሩ ከበዳቸው፤ ከግብሩ ይልቅ ግን ርስታቸው ተለክቶ፣ ተጽፎ፣ ከእጃቸው እንዳይወጣ ሰጉ። ጦር ዘመተባቸው፤ አውሮፕላን ቦምብ ጣለባቸው። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ከዚያም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ርስቱንም፣ የደብሩንም ድርሻ በአንድ ቀን ሻረ።

ቢቸና ያደጉት አያቴ «ቃላድ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁር ነበር። በልጅነቴ ገበሬ ገመድ ለምን እንደሚፈራ አይገባኝም ነበር። ዛሬ ገባኝ፤ የቀደሙት ሰዎች መሬት በብራና ሲሄድ አይተዋልና ልጆቻቸው ብዕር የያዘን ሰው በጥርጣሬ ቢያዩት አይፈረድባቸውም።

አልፎ አልፎ በመስኮቴ ፊት የሚቆሙ ሽማግሌ በቅጹ ላይ አውራ ጣታቸውን ከማሳረፋቸው በፊት «ልጄ፣ ምን ይላል?» ይሉኛል። ድሮ ሰልፉ እየበዛብኝ «ግድ የለም አባቴ፣ ይፈርሙ» እል ነበር። አሁን ግን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነብላቸዋለሁ።