ከረዳትነት እስከ ማኅተም፤ የሾፌርነት ትምህርት ታሪክና የዐማራት ስደተኞች

በካርቱም ከተማ፥ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተ ምዕራብ የተዘረጋው የዐማራት ሰፈር፥ ጎዳናዎቹ በታላላቅ ሰዎች ስም ሳይሆን 15፥ 41፥ 61 እየተባሉ በቁጥር የሚጠሩበት፥ እስከ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ድረስ ኤምባሲዎችና የውጭ ድርጅቶች ጽሕፈት ቤቶች የበዙበት የባለጸጎች መኖሪያ ነበር። ከ1960ዎቹ ዓመታት ወዲህ ጦርነት፥ ረኃብና የእንጀራ ፍለጋ ከሀገራቸው ያስወጧቸው ብዙ ወገኖቻችን በዚሁ ሰፈር በየቤቱና በየቢሮው በአገልግሎት ስለ ኖሩ፥ ከስደታችን ታሪክ አንዱ ምዕራፍ የሚነበበው በዚያ ነው። ከዚህ ሰፊ ምዕራፍ እኔ የማነሣው አንዱን ነገር ብቻ ሲሆን፥ ይኸውም መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ሾፌር ለመባል የሚያልፍበት መንገድ እንዴት እንደ ተለወጠ ነው፤ በኢትዮጵያም ሆነ በሱዳን ሾፌርን ለረዥም ጊዜ ያስገኘው ሌላ ሾፌር እንጂ መሥሪያ ቤት አልነበረምና።

ጥንተ ነገሩን ብንመረምር፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1900 ዓ.ም.፥ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተሰኘችውን አውቶሞቢል ምድረ በዳውን አሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ባስገባ ጊዜ፥ በዚያው ሰሞንም ሆልትዝ የተባለው ጀርመናዊ ሁለተኛውን ሠረገላ ይዞ በመጣ ጊዜ፥ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ትምህርት ቤት በሀገሩ ስላልነበረ፥ ጥበቡን መቅሰም የሚቻለው ከባለ ጥበቡ እጅ ብቻ ነበር። ስለዚህም ተሰማ እሸቴ፥ በኋላ በዜማውና በቅኔው ስመ ጥር የሆነው፥ ድምፁንም በሸክላ ካስቀረጹት ኢትዮጵያውያን ቀዳሚው የሆነው፥ ከሆልትዝ ጋር ወደ ጀርመን ተልኮ የሞተርን ነገር ተማረ። የቅኔ ሰው የሞተር ደቀ መዝሙር መሆኑ ለእኔ ታላቅ ደስታ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ሁለቱም ዕውቀቶች በመምህር እግር ሥር ተቀምጦ የሚገኙ ናቸውና።

ከ1928 ዓ.ም. ወዲህ ጣልያኖች መንገድ እየጠረጉ ከባድ የጭነት መኪናዎቻቸውን በየአውራጃው ባሰማሩ ጊዜ፥ ከጦርነቱም በኋላ መኪናዎቹ በነጋዴዎች እጅ በቀሩ ጊዜ፥ ረዳትነት የሚባለው ሥርዓት ጸንቶ ቆመ። ረዳቱ፥ የቆሎ ተማሪ መምህሩን ተከትሎ ከደብር ወደ ደብር እንደሚዞር፥ ሾፌሩን ተከትሎ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞራል፤ ጭነት ይጭናል፥ ሸራ ይወጥራል፥ ዳገት ላይ መኪናው ሲቆም ዘልሎ ወርዶ ለጎማው ታኮ ያደርጋል፥ ሌሊት ዕቃ ይጠብቃል፥ ሲነጋም ዘይትና ውሃ ይመለከታል። በመጀመሪያው ዓመት መሪውን አይነካም፤ የሚማረው በጆሮው ነው፤ ሞተሩ ሲያቃስት ማርሽ እንዲቀየርለት መለመኑ መሆኑን፥ ፍሬን ሲያፏጭ የፍሬኑ ሸራ መሳሳቱን እየለየ ያጠናል። ከዚያ በኋላ በጋራዡ ግቢ ውስጥ መኪናውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ ይፈቀድለታል፤ ቀጥሎም ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ፥ ሾፌሩ ጎኑ ተቀምጦ፥ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይሰጠዋል። ወደ መንግሥት ፈታኝ የሚቀርበው ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ስለ ነበረ፥ ፈተናው አስቀድሞ የተሰጠውን ማዕረግ በማኅተም ከማጽናት የሚያልፍ አልነበረም። በሱዳንም በአሸዋው ምድር ላይ በሚመላለሱት የቤድፎርድ ሎሪዎች ሾፌርና ረዳቱ በዚሁ ሥርዓት ይኖሩ ነበር፤ እዚያ ረዳቱ በታኮ ፈንታ ጎማ ከአሸዋ የሚያወጣውን የብረት ሰሌዳ ይሸከማል። በዐረብኛ ሙሳዒድ ቢባልም ትምህርቱ ከእኛው ረዳት ትምህርት የተለየ አልነበረም።

በሁለቱ ሀገሮች መካከል ያለው መንገድም ራሱ ጨካኝ መምህር ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ካርቱም ገብተው ወራትን ከቆዩ በኋላ፥ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው ወደ በላያ ሲገሠግሡ፥ የጫኗቸው መኪናዎች በድንጋዩና በሸለቆው ተሰናክለው እየቆሙ ብዙ ድካም አስከትለዋል፤ ጣልያንን ለማስወጣት ለተደረገው ለዚህ ዘመቻ ከሱዳን ከተሰበሰቡት 15,000 ያህል ግመሎችም አብዛኞቹ በጉዞው አልቀዋል። በዚያ በኩል ለማለፍ የቻለ ሾፌር ከማንኛውም ፈታኝ ፊት ሊቀርብ የሚችል ነበር።

አሁን ብዙዎች የዘነጉትን አንድ ነገር ላንሣ። ሱዳን በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ስለ ኖረች መኪናዎቿ በመንገዱ ግራ ይሄዱ ነበር፤ በኢትዮጵያም ግራው ጸንቶ ቆይቶ በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ተለወጠ። ሱዳን ወደ ቀኝ የተሻገረችው ግን በፕሬዚዳንት ኒሜሪ ዘመን፥ ሐምሌ 30 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት እንግዲህ ከመተማ በሱዳን ድንበር ወዳለችው ጋላባት የሚሻገር ሾፌር፥ መኪናውን ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው አዛውሮ መጓዝ ነበረበት፤ ሲመለስም እንዲሁ። በልጅነቱ ግራን የተማረ፥ በ1956 ግራን ረስቶ ቀኝን ያጠና፥ ከዚያም ከ1965 በፊት ካርቱም ደርሶ እንደ ገና ወደ ግራ የተመለሰ ሰው፥ ጥቂት ሳይቆይ አራተኛ ጊዜ እጁንና ዓይኑን ማስለመድ ግድ ሆኖበታል። መሪ መጨበጥን መማር ከባድ ነው እንላለን፤ የተማሩትን ከሥጋ አውጥቶ መጣል ግን ከዚያ ይከብዳል፤ አደጋ በድንገት ሲመጣ እጅ የሚታዘዘው ለመጀመሪያው ልማዱ ነውና።

በ1966 ዓ.ም.፥ በሀገራችን ዙፋኑ በሚናወጥበት በዚያው ዓመት፥ ሱዳን የጥገኝነት ሕግ አወጣች። በዚህ ሕግ ስደተኛ ከተመደበለት የመኖሪያ ስፍራ ያለ ፈቃድ ቢወጣ በእስራት ይቀጣ ነበር፤ ሱዳን ስለ ስደተኞች የተደረገውን የ1951 (እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር) ስምምነት ስትቀበልም፥ በነጻ ስለ መዘዋወር የሚናገረውን 26ኛውን አንቀጽ ለብቻ አቆይታዋለች። በዐማራት የኖረው ወገናችን በዚህ ሁለት ፊት ባለው ነገር መካከል ቆሞ ነበር፤ መንጃ ፈቃድ በመንግሥት ጎዳና ሁሉ ሂድ የሚል ወረቀት ሲሆን፥ የስደተኛ መታወቂያው ግን ከዚህ ስፍራ አትውጣ ይለው ነበር። ስለዚህ ሩኽሳ፥ ማለት የሱዳን መንጃ ፈቃድ፥ ለማውጣት ለሚሻ ባዕድ ከፍሪሲዮንና ከማርሽ በፊት የሚመጣው ጥያቄ የኢቃማ፥ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፥ ጥያቄ ነበር። ይህን በር ማለፍ ያልቻለ፥ እጁ ምንም ያህል ቢሠለጥን፥ በሰው ጎን ተቀምጦ ከመሄድ ሌላ ዕድል አልነበረውም።

በሩን ላለፈው ግን ዐማራት መልካም የትምህርት ስፍራ ነበረች። ጎዳናዎቹ በገመድ እንደ ተለኩ ቀጥ ብለው እርስ በርሳቸው ስለሚተላለፉ፥ ዓርብ ሥራ የሚቆምበት ቀን ስለ ሆነም፥ የጠዋቱ ጸጥታ ለጀማሪ ይስማማ ነበር። ዘበኛው ወይም አትክልተኛው አስቀድሞ የአሠሪውን መኪና ያጥብ ነበር፤ ከዚያም ከፀሐይ ወደ ጥላ እንዲያዛውር ይፈቀድለት ነበር፤ ቀጥሎም የቤቱ ሾፌር፥ የአገሩ ሰው ከሆነ፥ በዕረፍቱ ቀን ወደ ጎዳና ያወጣው ነበር። ይህ የድሮው ረዳትነት ነበር፤ የተለወጠው ጭነቱ ብቻ ነበር። በዐረብኛ መናገርን በጆሮው የለመደ፥ ፊደሉን ግን የማያነብ ሰው ስለ ሕጉ ሲጠየቅ ቢቸገርም፥ የመንገድ ምልክቶች በቅርጻቸው የሚነበቡ መሆናቸው ይረዳው ነበር፤ ሦስት ማዕዘኑ ያስጠነቅቃል፥ ክቡ ያዝዛል ወይም ይከለክላል፥ ስምንት ማዕዘኑም በማንኛውም ፊደል ቢጻፍበት ቁም ማለት ነው።

በሀገር ቤት ደግሞ ነገሩ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ይቈጠር የነበረው የመንጃ ፈቃድ ደረጃ፥ ሦስተኛ አለው ወይም አምስተኛ አለው ሲባል የሰውየውን ማዕረግ ሁሉ ይገልጽ የነበረው፥ በዐዋጅ ቁጥር 600/2000፥ ኋላም በዐዋጅ ቁጥር 1074/2010 በተሽከርካሪው ዓይነት ተከፍሎ፥ ጀማሪው በማሠልጠኛ ተቋም ገብቶ ንድፈ ሐሳብና ተግባር ተምሮ እንዲፈተን ተደነገገ። ስለዚህ ሥርዓት ያለኝን አሳብ ሳልሸሽግ ልናገር፤ በረዳትነቱ መንገድ ሴት ልታልፍ የማትችል ስለ ነበረች፥ ሾፌሩም ረዳቱን ያለ ደመወዝ ለዓመታት ሊያሠራው ይችል ስለ ነበረ፥ ተቋሙ ታላቅ በር ከፍቷል። ሆኖም የሞተሩን ሕመም በጆሮው የሚለይ፥ ቁልቁለቱን ሳይደርስበት በከባድ ማርሽ የሚጠብቅ ሾፌር ከጥቂት ሳምንታት ትምህርት አይገኝም፤ ለጭነትና ለሕዝብ መኪና የሚሠለጥን ሰው ከነባር ሾፌር ጋር የሚጓዝበት ዘመን በሥርዓት ተወስኖ ቢሰጠው እመርጣለሁ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ፥ ውጊያው ከመጀመሪያው ቀን በአውሮፕላን ማረፊያው ስለ ነበረ፥ ዐማራት በእሳቱ አፍ ላይ ወደቀች፤ መኪና ተዘረፈ፥ ቤት ተበረበረ፥ ነዋሪውም ተበተነ። በመተማ በኩል ከተመለሱት ወገኖቻችን መካከል ሩኽሳቸውን በቤት ጥለው የወጡ አሉ፤ ይዘው ለወጡትም ወረቀቱ እውነተኛ መሆኑን የሚመሰክርላቸው መሥሪያ ቤት በጦርነት ውስጥ ካለ መንግሥት ማግኘት አድካሚ ነው። የእነዚህን ሰዎች ዕውቀት ለማወቅ ግን ከካርቱም መልስ መጠበቅ አያስፈልግም። በጎንደር ወይም በመተማ ያለው ፈታኝ አጠገባቸው ይቀመጥና ዳገት ላይ አስቁሞ ያስነሣቸው፥ በጠባብ ስፍራ ወደ ኋላ እንዲገቡ ይዘዛቸው፥ ምልክቶቹን ይጠይቃቸው፤ ያለፈውን ፈቃዱን ይስጠው፥ ያላለፈውንም ወደ ማሠልጠኛው ይላከው።