የጎንደር መጻሕፍትና ጠባቂዎቻቸው፤ ከዕቃ ቤት እስከ ዐውደ ጥናት

ጎንደር በ1628 ዓ.ም በአፄ ፋሲለደስ ዘመን የመንግሥት መቀመጫ ከሆነች ጀምሮ ነገሥታቱ ግንብ ከማስገንባት ጎን ለጎን መጻሕፍት ማጻፍና ማሰባሰብ ልማድ አድርገው ነበር። በፋሲል ግቢ ውስጥ የሚገኘው «የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት» እስከ ዛሬ የቀዳማዊ ዮሐንስን ስም ይዞ ቆሟል፤ ከግቢው ሌሎች ሕንፃዎች ጋርም እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሆኖም የከተማይቱ የመጻሕፍት ሀብት በአንድ ሕንፃ የታጨቀ አልነበረም። በልማድ አርባ አራት በሚባሉት አድባራትና በዙሪያው ደጋ በሚገኙ ገዳማት ዕቃ ቤቶች ተከፋፍሎ ይኖር ነበር። እነዚህን ስብስቦች አንድ ያደረጓቸው ጠባቂዎቹ፣ ጸሐፊዎቹና መምህራኑ ናቸው። የእነርሱ ግንኙነት ሲጠብቅ መጻሕፍቱ ተባዝተዋል፤ ሲላላ ደግሞ ተበትነዋል።

ዕቃ ቤትና ገበዝ

በደብር ውስጥ መጽሐፍ ከሌላው ንዋየ ቅድሳት ተለይቶ አይታይም። መስቀሉ፣ ጽናው፣ አልባሳቱና ብራናው በአንድ ዕቃ ቤት ይቀመጣሉ፤ ኃላፊነቱም የቄሰ ገበዙ ነው። ብራናው በቆዳ ማኅደር ይከተትና በማንገቻው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከመሬት ርቆ መሰቀሉ ከእርጥበት፣ ከምስጥና ከአይጥ ያድነዋል፤ ማኅደሩም ካህኑ መንገድ ሲሄድ ትከሻው ላይ አንግቶ እንዲይዘው ያመቻል።

የዕቃ ቤቱ ቆጠራ በብዙ አድባራት በራሳቸው በመጻሕፍቱ ባዶ ገጾች ላይ ተጽፎ ይገኛል። ስንት ወንጌል፣ ስንት ዳዊት፣ ስንት ድጓ፣ ስንት ተአምረ ማርያም እንዳለ በዝርዝር ይሰፍራል። ከዝርዝሩ ጎን መጽሐፉን ማን እንዳጻፈው፣ ለየትኛው ታቦት እንደ ሰጠው፣ የሰረቀው ወይም ስሙን የፋቀው ሰው የሚደርስበት ውግዘትም ይጻፋል። በጎንደር አድባራት በዚሁ ኅዳግ ላይ የጉልት ስጦታ፣ የርስት ሽያጭና የውርስ ክፍፍል ከምስክሮቹ ስም ጋር መመዝገብ ተስፋፍቶ ነበር። ስለዚህ ዕቃ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ቤተ መዛግብትም ሆኖ አገልግሏል። የመሬት ክርክር በተነሣ ጊዜ ባለጉዳዩ ወደ ደብሩ ይሄዳል፤ ወንጌሉ ወጥቶ ይነበብለታል። የታሪክ ተመራማሪዎች ስለ ጎንደር ዘመን የመሬት ሥሪት ከሚያውቁት ብዙውን ያገኙት ከእነዚህ ኅዳጎች ነው።

አዲስ መጽሐፍ የሚገኘው በመቅዳት ነበር። ለመቅዳት ደግሞ ከሌላ ደብር እናት ቅጂ መዋስ ግድ ይላል። የፍየልና የበግ ቆዳ ፍቆና ወጥሮ ብራና የሚያወጣው፣ ቀለሙን የሚበጠብጠው፣ ብርዑን የሚቀርጸው ባለሙያ በዚህ ውሰት ላይ ተመርኩዞ ይሠራል። ጎንደር ለዚህ ጥበብ የራሷን መልክ ሰጥታዋለች። ጉልሕ የሚባለው ተለቅ ብሎ ረጋ ያለ የእጅ ጽሕፈት የጎንደር ዘመን ብራናዎች መለያ ሲሆን፣ ባለ ሥዕል የተአምረ ማርያም ቅጂዎችም በሁለቱ የጎንደር የሥዕል ዘይቤዎች ተውበው ወጥተዋል።

ጉባኤ ቤቶችና ተዘዋዋሪ ተማሪዎች

ጠባቂ ከጠባቂ የሚተዋወቅበት ዋናው መንገድ ትምህርቱ ነበር። የአብነት ትምህርት በአንድ ቦታ ተጀምሮ በአንድ ቦታ አያልቅም። ድጓ በጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ፣ አቋቋም በጎንደር በኣታ ይመሰከራል። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ከጉባኤ ቤት ወደ ጉባኤ ቤት ይዞራል። የድጓ ተማሪ የሚማርበትን መጽሐፍ በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ምልክቱን ያስተካክላል፤ ቅጂውም ቤተልሔም ላይ ከተመሰከረለት በኋላ ይዞት ወደሚያስተምርበት ደብር ይሄዳል። በዚህ መንገድ ከአንድ ማእከል የወጣ የታረመ ቅጂ በደጋው ሁሉ ይዳረሳል፤ በየቦታው የገባው ስሕተትም በምስክሩ ጊዜ ተለቅሞ ይወጣል።

የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርትም እንዲሁ በጎንደር ሁለት መስመር ያዘ፤ የላይ ቤትና የታች ቤት ተባሉ። በ18ኛው መቶ ዘመን የታች ቤቱን ትርጓሜ እንዳቀኑ የሚነገርላቸው መምህር ኤስድሮስ፣ እንደ ሊቃውንቱ ትውፊት፣ በጣና ደሴቶች ገዳማት ተቀምጠው የተለያዩ ቅጂዎችን መርምረዋል። ትርጓሜው የሚሰጠው በጉባኤ ነው። አንዱ ያነብባል፣ መምህሩ ይተረጉማል፣ ሌሎቹ ይጠይቃሉ፤ ከሌላ ደብር የመጣ ሰው «በእኛ ዘንድ እንዲህ ይነበባል» ብሎ ልዩነቱን ያቀርባል።

ነገሥታቱ የሚጠሩት የሃይማኖት ጉባኤ የዚህ ልማድ ትልቁ መድረክ ነበር። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን በቅባትና በተዋሕዶ ሊቃውንት መካከል በተደረጉት ክርክሮች ከየገዳሙ የመጡ መምህራን መጽሐፍ ጠቅሰው ይከራከሩ ነበር። ለክርክር የሚጠቀስ መጽሐፍ ባለበት ቦታ ሁሉ ተፈልጎ ይነበባል፤ ቅጂውም ከቅጂ ጋር ይተያያል።

ከቤተ ክህነት ውጭም መኳንንቱ ስብስብ ነበራቸው። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ደጃዝማች ኃይሉ እሸቴ ተበታትነው የነበሩትን የነገሥታት ዜና መዋዕሎች አስፈልገው በአንድ ጥራዝ አስጽፈዋል። የመሳፍንቱ ዘመን ሁከት በበረታበት ወቅት ብዙ ሰው ንብረቱን የሚያስጠጋው የመማጸኛ ስፍራ በነበረው በእጨጌ ቤት ሰፈር ነበር።

መበተን

የጎንደር መጻሕፍት ወደ ውጭ መውጣት የጀመሩት በሰላም ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም ጎንደር ደርሶ ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክን ጨምሮ በርካታ ብራናዎችን ይዞ ሄደ። ለአውሮፓ ለብዙ ዘመን ጠፍቶ የነበረው የሄኖክ ሙሉ ቃል እ.ኤ.አ. በ1821 በሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታተመ። በ1825 ዓ.ም ጎንደር የነበረው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል የሰበሰባቸውን ብራናዎች ወደ ፍራንክፈርት ወሰደ። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ደግሞ በአገሪቱ በቆየባቸው ዓመታት ከ200 በላይ መጻሕፍት ገዝቶና አስቀድቶ እ.ኤ.አ. በ1859 ዝርዝራቸውን አሳተመ። ሁለቱንም በጎንደር የረዳቸው ሊቅ አጽቁ የተባለው ዳኛና ምሁር ነበር፤ ለሩፐል የታሪክ ጽሑፍ ያዘጋጀለት፣ የዳባዲ ወንድማማቾችንም ያስተናገደ እርሱ ነው። እንግዳው የሚፈልገው መጽሐፍ በየትኛው ደብር እንዳለ የሚያውቀውና ቅጂ የሚያስገኘው እንዲህ ያለ የከተማው ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ዝርፊያ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለሚያሠሩት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከየቦታው መጻሕፍት ሰበሰቡ፤ በ1859 ዓ.ም ጎንደርን አስዘርፈው ሲያቃጥሉ የአድባራቱ ብራናዎች ወደ መቅደላ ተጋዙ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ስትያዝ ክምችቱ በወታደሮቹ እጅ ወደቀ። 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች ጭነውት ደላንታ ላይ በሐራጅ ተሸጠ፤ ከ300 በላይ ብራናዎችም ለብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ዊልያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ካታሎግ የጎንደር አድባራት ስሞች በየገጹ ይገኛሉ። ከክምችቱ በይፋ የተመለሰው ጥቂት ነው፤ ከእነዚህም አንዱ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ጽፈው ያስመለሱት ክብረ ነገሥት ነው።

በጥር 1880 ዓ.ም የሱዳን መሐዲስቶች ጦር ከተማይቱን ሲያቃጥል አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ከነዕቃ ቤታቸው ጠፉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1932 ደግሞ በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ሰፍሮ ብራናዎችን ሰበሰበ፤ በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን ከተሠራው ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎቹን አንሥቶ በምትካቸው አዲስ ቅጂ አስቀመጠ። ሥዕሎቹም ብራናዎቹም ዛሬ ፓሪስ ናቸው። በዚህ ሁሉ የተነሣ የጎንደር መጻሕፍት መጀመሪያ በካታሎግ የተዘረዘሩት በለንደን፣ በኦክስፎርድና በፓሪስ ሆነ፤ በአገር ቤት የቀረው ሀብት ግን ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው በየደብሩ ገበዝ ቃል ብቻ ነበር።

የዘመናዊ ቤተ መጻሕፍት መምጣት

ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር በ1936 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ለጎንደር ግን የዘመናዊ ቤተ መጻሕፍት ዋና መነሻ የሆነው በ1947 ዓ.ም የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማእከል ነው። ኮሌጁ በአሜሪካ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ እርዳታ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው በእንግሊዝኛ የታተመ የሙያ መጽሐፍና መጽሔት ስለሆነ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከአድባራቱ ስብስብ በቋንቋም በአደረጃጀትም ተለይቶ አደገ። በ1996 ዓ.ም ተቋሙ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሲባል በየካምፓሱ ቤተ መጻሕፍት ተስፋፋ፤ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ትምህርት ክፍልም ተከፈተ።

ወደ ደጋው ገበሬ የደረሰው ግን ሌላ ጥረት ነው። በ1971 ዓ.ም የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ከማስቆጠር ባሻገር ማንበብ የቻለው ሰው እንዳይረሳ በየገበሬ ማኅበሩ የንባብ ቤት እንዲቋቋም አደረገ። ብዙዎቹ የንባብ ቤቶች ዘመቻውን ተሻግረው መቆየት አልቻሉም። አዲስ መጽሐፍ የሚያቀርብላቸውና ጠባቂውን የሚደግፍ ቋሚ ተቋም አልነበራቸውምና። እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው ኮድ-ኢትዮጵያ ይህን ጉድለት ያየ በሚመስል መልኩ በአገሪቱ ገጠሮች የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍት ሲያቋቁም ሥራውን አከፋፈለው። ማኅበረሰቡና የአካባቢው አስተዳደር ቤቱንና ሠራተኛውን ያቀርባሉ፤ ድርጅቱ መጻሕፍቱንና የሠራተኛውን ሥልጠና ይሰጣል።

የሙያ ማኅበርና ስብሰባ

በዓለም አቀፍ ደረጃ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ኅብረት ኢፍላ እ.ኤ.አ. በ1927 በኤደንብራ ሲመሠረት ዓላማው በቤተ መጻሕፍት መካከል ዓለም አቀፍ ትብብርን ማሳደግ ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1961 ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት በሁለተኛ ዲግሪ ሲከፈት ክልሎች ከፍተኛ ሥልጠና ያላቸው ባለሙያዎች ማግኘት ጀመሩ።

በክልል ከተሞች የባለሙያዎች ስብሰባ ጥቅም ከአዲስ አበባው ይልቅ የጎላ ነው። በወረዳ ቤተ መጻሕፍት የሚሠራው ሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፤ በሌላ ሙያ ሠልጥኖ የተመደበም አይታጣም። መጻሕፍቱን በንብረት መዝገብ ፈርሞ ስለሚረከብ የጠፋ መጽሐፍ ዕዳ እንዳይሆንበት ይሰጋል፤ ስለዚህ ከማዋስ ይልቅ መቆለፍ ይቀናዋል። የልምድ ልውውጥ በሚባለው ጉብኝትና በዐውደ ጥናት የሚነሡት ጉዳዮችም ከዚሁ ይመነጫሉ። የውሰት ደንብ እንዴት ይወጣል፣ ያረጀ መጽሐፍ እንዴት ከመዝገብ ይሰረዛል፣ የአማርኛ መጻሕፍት በአባት ስም ሳይሆን በደራሲው መጠሪያ ስም እንዴት ይደረደራሉ፣ ተማሪዎች ከፈተና ወቅት ውጭም እንዲመጡ ምን ይደረግ የሚሉት ዋናዎቹ ናቸው።

በዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ ትስስሩ የተጠናከረው በኤሌክትሮኒክ መጽሔቶች ምክንያት ነው። የኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ኅብረት አባላቱን አስተባብሮ የውጭ መጽሔቶችን በጋራ ለማግኘት ይሠራል፤ ሠራተኞችም እንደ ኮሃ ያሉ ነጻ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌሮችን በጋራ ሥልጠና ተምረዋል። በአማራ ክልል ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ደብረ ታቦርና ደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ አቅጣጫ መገኘታቸው ለዚህ ዓይነቱ ቅብብል ያመቻል። ደባርቅ በ2010 ዓ.ም ገደማ የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ለሦስት ሲከፈል የአዲሱ ሰሜን ጎንደር ዋና ከተማ ሆናለች፤ ዩኒቨርሲቲዋም ለሰሜን ተራሮች ወረዳዎች የቅርብ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ነው። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ግን ጉዞን አክብዷል፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡም የርቀት ሥልጠናን አስተጓጉሏል።

ሁለቱ ሙያዎች የሚገናኙበት ቦታ

የአድባራቱ ጠባቂና የዘመናዊው ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ለብዙ ጊዜ በተለያየ መንገድ ሄደዋል። መጀመሪያ ያቀራረባቸው ብራናን በፎቶ ማንሣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ ጥራዞችን ቀርጿል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ካታሎጉን በማዘጋጀት ስመ ጥር ሆነዋል። ነገር ግን አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ እንቅስቃሴው ስለ ተገደበ አብዛኛው የተቀረጸው ከአዲስ አበባና ከሸዋ አካባቢ ነው፤ የጎንደር ደጋ ድርሻ አነስተኛ ሆነ።

በ1991 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 179 ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሲደራጅ፣ በ1992 ዓ.ም ደግሞ የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ሲወጣ ለብራና ምዝገባ ሕጋዊ መሠረት ተጣለ። ምዝገባው የሚጠይቀው እውቀት ግን ለሁለት የተከፈለ ነው። የቅጠሉን ብዛት፣ መጠኑን፣ የጉዳቱን ዓይነትና የካታሎግ ቁጥሩን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ይመዘግባል። መጽሐፉ በየትኛው በዓል እንደሚነበብ፣ ከየት ደብር እንደ ተቀዳ፣ በኅዳጉ ላይ የተጠቀሰው ርስት የማን እንደ ነበር የሚያውቀው ገበዙና መርጌታው ነው። ዕቃ ቤቱን የሚከፍተውም የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ሲስማማ ነው። በመሆኑም በጎንደር አካባቢ የሚዘጋጅ የብራና ጥበቃ ሥልጠና የተሟላ የሚሆነው ካህናቱንም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎቹንም በአንድ ሲያስቀምጥ ነው፤ የካታሎጉም ጥራት የሚወሰነው የሁለቱ እውቀት በአንድ ቅጽ ላይ በመስፈሩ ነው።